የአባባ ካምቢዮና የእህቴ እጅ

በሰፈሩ «ዶክተር» ነው የምባለው። ተምሬ አይደለም፤ የታመመ ካምቢዮ ሁሉ እኔ ጋራዥ ስለሚመጣ ነው። ሌላው መካኒክ ሞተር ይፈታል፣ ፍሬን ያስራል፣ መሪ ያቃናል። እኔ ካምቢዮ ብቻ ነው የምነካው። ማርሽ አልገባ ሲል፣ ገብቶ ሲወጣ፣ ሲያጓራ፣ ሰው ሁሉ «ወደ ዶክተሩ ውሰደው» ይላል። በሩ ላይ በቆርቆሮ «ካምቢዮ እዚህ ይታከማል» ብዬ በትልቁ አጽፌያለሁ፤ ያላነበበው ካለ ደግሞ ራሴ እነግረዋለሁ።

የማልናገረው አንድ ነገር ነበረኝ። መኪና መንዳት እፈራለሁ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ዳገት ላይ ቆሞ የነበረ መኪና መልሶ ማስነሳት ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ። ስለዚህ ጠግኜ ስጨርስ ለሙከራ የሚነዳው ባለመኪናው ነው። እኔ ጋቢና ከጎኑ ቁጭ ብዬ ዓይኔን እጨፍንና አዳምጣለሁ። ደንበኞቼ «ይሄ ሰውዬ እኮ በጆሮው ነው የሚያየው» እያሉ ያደንቁኛል። እኔ የምጨፍነው መንገዱን ላለማየት ነው።

አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሎኬት ሲያመላልሱ ኖረዋል። መኪናቸው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ እንደሚመስለኝም ከእኔ ይልቅ የሚወዱት እሱን ነው። አምና ካምቢዮውን አውርጄ፣ ኩሽኔታዎቹን ቀይሬ፣ መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አባባ ያን ዕለት ነድተውት ተመለሱና «ደህና ነው» አሉ። አባባ «ደህና ነው» ካሉ ሌላ ሰው ቆሞ አጨበጨበ ማለት ነው። ለሳምንታት ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ።

ዘንድሮ የዓይን ሐኪሙ ለአባባ ቁርጡን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ መሪ መያዝ የለባቸውም። መኪናው ወይ ይሸጣል፣ ወይ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይነዳዋል። በቤታችን ከባድ መኪና ለመንዳት የተማረችው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። ፈቃዷን ካወጣች ቆይታለች፤ ግን የሚያሠራት ሁሉ «ልምድ አለሽ?» እያለ ሲመልሳት ነበር የከረመችው። የአባባን መኪና ከነደንበኞቹ መረከብ ለሷ ቀልድ አልነበረም፤ እንጀራዋ ነበር።

አባባ ግን አልዋጥ አላቸው። ገዢ አፈላልገው አግኝተው ነበር፤ ይሁን እንጂ «ለልጄ ዕድል ሳልሰጣት ሸጥኩ እንዳይባል» ብለው አንድ ፈተና አወጡ።

«ብሎኬት ጭነሽ ከማምረቻው በላይ ያለውን ዳገት ትወጫለሽ» አሏት። «ካምቢዮውን ሳታስጮሂ ከወጣሽ መኪናው ያንቺ ነው። ካስጮኽሽው ግን ለሰውዬው እሰጠዋለሁ። እንኳን ሌላ ሰው፣ ልጄም ብትሆን መኪናዬን እያሰቃየች ማየት አልፈልግም።»

«እሺ አባባ» አለች።

እሳቸው ብሎኬቱ ከሚጫንበት ማምረቻ በር ላይ ቀሩ። «ከጎኗ ከተቀመጥኩ እጄ አያርፍም» አሉ። እኔ ዳኛ ሆኜ ጋቢና ገባሁ፤ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አንደኛ ማርሽ ሲገባ ጮኸ። ሁለተኛው ሲገባ ደግሞ ጥርሴን አስነከሰኝ። ወደ ሦስተኛ ስታሻግር ካምቢዮው ክፉኛ አጓራና ብሎኬት ሲጭኑ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ወደኛ ዞሩ። እህቴ ላቧ በፊቷ ይወርዳል። አልፈራችም፤ ተናዳ ነበር። ዳገቱን ወጣችው፤ ግን መንገዱን ሙሉ እያስጮኸች ነው የወጣችው።

ተመልሰን አባባ አጠገብ ቆምን። «ውረጂ» ብለው መሪውን ያዙ። ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብለው ያንኑ ጭነት ይዘው ያንኑ ዳገት ወጡ። እኔ አሁንም ከጎናቸው ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ አንዲት ድምፅ የለም። ማርሹ ሲገባ የሚሰማው የእጅጌያቸው ኮሽታ ብቻ ነበር።

ዳገቱ አናት ላይ አቁመው ወደኔ ዞሩ። «እንግዲህ ዶክተሩ አንተ ነህ። ችግሩ ከመኪናው ነው ከልጅቷ?»

እስቲ ፍረዱኝ። መኪናው ነው ብል፣ ካምቢዮውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። የገዛ ሥራዬን ልከስ ነው። ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አባባ ሲነዱት እንደ ቅቤ ነው። እህቴን መክሰስ ቀላል ነበር፤ እሷን የገጠምኳት እኔ አይደለሁም። ቢሆንም ባለሙያ ነኝና ዝም ብዬ አልፈረድኩም፣ ምርመራ አደርጋለሁ አልኩ።

ቤት እንደደረስን መኪናው ከቤታችን ጋር በተያያዘው ጋራዤ ግቢ ውስጥ ቆመ። ሞተሩ ጠፍቷል። ሹፌር ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ሞተሩ እስካልተነሳ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈራም። ፍሪሲዮኑን ረግጬ አንደኛ አስገባሁ፤ ገባ። ሁለተኛ፤ ገባ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ የኋላ ማርሽ፤ ሁሉም በሁለት ጣት ገቡ። ዘንጉን እያወዛወዝኩ እየሳቅኩ ወረድኩ።

«ካምቢዮው ሙሉ ጤና ነው» አልኩ። «እጇ ነው።»

እህቴ ቆማ ትሰማኝ ነበር። «እጄ ምን ሆነ?»

«ከብዷል። ማርሽ በጉልበት አይገባም፤ ማባበል ነው። አይዞሽ፣ አለማምድሻለሁ።»

ገዢው እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ስለነበሩ አባባ «በል አለማምዳት» አሉኝ። እኔም በየማታው ሥራ ስጨርስ እህቴን ሹፌር ወንበር ላይ እያስቀመጥኩ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ማርሽ አለማምዳት ጀመር። ሞተሩን ያላስነሳሁት ግቢው ጠባብ ስለሆነ ነው እላለሁ። እውነቱን ካላችሁ ቢነሳና ቢንቀሳቀስ ማቆም ስለማልችል ነው።

«ረጋ በይ። አሁን ሁለተኛ። ጎሽ! አየሽ?»

«አየሁ» አለች። «ሲጠፋ እኮ ይገባል፣ ወንድም ጋሼ። ድሮም ሲጠፋ ይገባል። ሲነሳ ነው እምቢ የሚለው።»

«ሲነሳ ትደነግጫለሽ ማለት ነዋ። ድምፁን ስትሰሚ እጅሽ ይጠብቃል።»

«አልደነግጥም።»

«ራስሽ አታውቂውም እንጂ ትደነግጫለሽ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተከራከረችኝም፤ የምላትን እያደረገች ማታ ማታ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን ማርሽ ስታስገባና ስታወጣ አመሸች። አንድ ማታ እጇን እያሸች ስታለቅስ አየኋት። እልህ ነው ብዬ አለፍኩ። እሷ ግን ቀስ በቀስ ራሷን መጠራጠር ጀምራ ነበር፤ «ምናልባት እውነትም እጄ ይሆናል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። የሚገርመው ነገር ደስ አለኝ። ተማሪዬ ገባት ብዬ።

ገዢው ሊመጣ በተቀጠረበት ቀን ማለዳ አባባ ለዓይን ምርመራ ሄዱ። ዓይናቸው ላይ መድኃኒት ስለሚደረግ ብቻቸውን መመለስ አይችሉምና እህቴ አብራቸው ሄደች። ሰውዬው ከሰዓት ነበር የተባለው። እሱ ግን ሥራ ሳይበዛ ልየው ብሎ ጧት መጣ። መኪናውን ዞሮ ዞሮ ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ደስ አለው።

«እስቲ አስነሳና ወደ ውጭ አውጣልኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ «መንዳት አልችልም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ግን ቆርቆሮው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ሰውዬውም አንብቦታል። «ካምቢዮውን የሠራኸው አንተ ነህ አሉ» ሲለኝ ደግሞ ጨርሶ አበጥኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ።

አስነሳሁት። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና አንደኛ ላስገባ ስል ጮኸ። የኋላውን ሞከርኩ፤ ይባስ አጓራ። ሰውዬው ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስጠጋ።

«ካምቢዮው ነው እንዴ?»

«ኧረ! ምን ካምቢዮ! ቀዝቅዞ ነው» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ጮኸ። እጄ ላይ ያለው ንዝረት እስከ ትከሻዬ ደረሰ። አልደነገጥኩም ማለት አልችልም፤ ግን እጄ አልከበደም፣ እጄ እንዲያውም ጥጥ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ብልጠት ያልኩትን አደረግኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። የኋላ ማርሹን አስገባሁ፤ በሁለት ጣት ገባልኝ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬ፣ ሙሉ ክብደቴን ጭኜበት፣ ቁልፉን ዞር አደረግሁ።

መኪናው ሄደ።

ፍሪሲዮን ተረግጦ መኪና አይሄድም። ይህን የሚያውቅ እግሬ ይበልጥ ረገጠ፤ መኪናው ግን እኔን ሳይጠይቅ ወደ ኋላ ይጓዛል። ፍሬኑ የት እንዳለ ጠፋኝ። ሰውዬው «ያዘው! ያዘው!» ይላል። ምኑን እንደምይዝ ማን ይንገረኝ? ከኋላ አንድ ትልቅ የብረት ድምፅ ሰማሁና መኪናው ተንገጫግጮ ሞተሩ ጠፋ። አጥሩ በሩን ይዞ ወድቋል። «ካምቢዮ እዚህ ይታከማል» የሚለው ቆርቆሮዬ በጭነቱ የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳው ላይ ታጥፎ ተኝቷል።

ሰውዬው አቧራውን አራገፈ። «ሌላ ቀን ባለቤቱ ባሉበት እመጣለሁ» አለና ወደ መንገዱ ወጣ፤ እየሳቀ ይሁን እየተሳደበ አላወቅሁም።

እኔ ከወንበሩ አልወረድኩም። እግሬ እንደተዘረጋ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ጋራዤ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ገና ጫማውን ሳይጠርግ የምነግረው ነገር አለኝ፤ «ሞተሩ ሲጠፋ የሚገባ ማርሽ ሞተሩ ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ ካምቢዮውን አትንካ፣ ፍሪሲዮኑን እይ» እላለሁ። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያለያይ ነው፤ በደንብ ካላለያየ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ጥርስ እየተሽከረከረ ስለሚጠብቅህ አንተ የፈለግከውን ያህል ብታባብል ይጮኻል። ይህን በእንቅልፍ ልቤ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። እህቴ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ «ሲጠፋ ይገባል፣ ሲነሳ እምቢ ይላል» ስትለኝ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በሽታውን በራሷ አፍ ነግራኝ፣ እኔ ማታ ማታ ታካሚዋን እሷን አድርጌ አስለቀስኳት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

አባባና እህቴ ሲመለሱ አጥሩን ለማቅናት እየታገልኩ ነበር። አባባ መድኃኒቱ ዓይናቸውን ስላፈዘዘው «ምንድነው የወደቀው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ነገርኳቸው፤ ምንም አላስቀረሁም። እህቴ ስትሰማ ቆይታ ቆርቆሮውን አነሳችና አገላብጣ አየችው። መጀመሪያ የምትስቅ መሰለኝ፤ ሳቀችም፤ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ገዢው ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እኮ እኔን ፈትተህ ልትገጥመኝ ነበር» አለች።

«ይቅርታ እታለም። ድፍን ቅል ነኝ።»

«ነህ» አለች። ክርክር አልነበረም።

አባባ ግን አልተቀበሉም። «መኪናዬ ጤነኛ ነው። እኔ እነዳው የለም እንዴ? አንድ ቀን ጮኾብኝ ያውቃል?»

የጨነቀኝም ይኸው ነበር። ፍሪሲዮኑ ከታመመ ለአባባ ማርሹ እንዴት ይገባላቸዋል? በማግስቱ ዓይናቸው ሲጠራ ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሞተሩን አስነሱ። እኔ በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም። በሩን ከፍቼ ጭንቅላቴን ከፔዳሉ አጠገብ አደረግሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው እጅና የማርሽ ዘንግ ስመለከት ኖሬ፣ የሹፌርን እግር ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንደኛ ያስገቡልኝ» አልኩ።

የግራ እግራቸው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ፤ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጠልቆ የረገጠው። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ።

«አባባ፣ እግርዎ ምን እያደረገ ነው?»

«ምን አደረገ? ፍሪሲዮን ረገጠ።»

«አይ፣ ከመርገጡ በፊት።»

ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት፤ የሰው እግር የሚያዩ ነበር የሚመስሉት። «እኔ እንጃ» አሉ። «ዝም ብሎ ነው።»

ፈታሁት። ከፔዳሉ ጀርባ ዘይት የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ አለ፤ በውስጡ ያለችው ጎሚኒ፣ ትንሿ የጎማ ቀለበት፣ ጠርዟ ተበልቷል። አንዴ ሲረግጡት ዘይቱ ፍሪሲዮኑን በመግፋት ፈንታ በተበላችው በኩል ሾልኮ ይመለሳል። ደጋግሞ ለሚረግጠው ግን ሾልኮ ሳይጨርስ የሚበቃው ያህል ይደርሳል። ጠብታ እንኳ ወደ መሬት ስለማይፈስ ማንም አልጠረጠረም። አባባ በሽታው ቀስ እያለ ሲመጣ እግራቸው አብሮት ቀስ እያለ ተማረ፤ ለእሳቸው ለራሳቸው እንኳ ሳይነግራቸው። እህቴ ደግሞ በትምህርት ቤት እንደተማረችው በአግባቡ አንዴ ብቻ ትረግጣለች። ትክክል ስለሆነች ነበር የሚጮኽባት።

አዲስ ጎሚኒ ገዝቼ ገጠምኩ፣ ከዘይቱ መስመር ውስጥ አየሩን አስወጣሁ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት፤ ዶክተሩን ከነቆርቆሮው ያዋረደችው።

እህቴ ጭነቱን ይዛ ዳገቱን ወጣች። አባባ ከበሩ ሆነው ጆሯቸውን አቀኑ። የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ፣ ማርሽ ሲቀየር፣ መልሶ ሲነሳ ይሰማል፤ ሌላ ነገር አልተሰማም። ተመልሳ ስታቆም ፊቷ በርቶ ነበር፤ ግን አባቷን አይታ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ውረጂ እስቲ» አሉ አባባ። «እኔም ልየው። እዚሁ በር ላይ ነው፣ መንገድ አልወጣም።»

ወጥተው ተቀመጡ። እግራቸው ጠቅ ጠቅ አደረገና ማርሹ ገባ። ከዚያ ግን መኪናው አልሄደም። ድሮ ፔዳሉን ከወለሉ ገና ትንሽ ለቀቅ ሲያደርጉት ነበር የሚይዘው፤ አሁን ጤነኛ ስለሆነ ከፍ እስኪል ይጠብቃል። እሳቸው ለቀቅ አደረጉ፤ ምንም የለም። ነዳጅ ሰጡ፤ ሞተሩ ጮኸ። ግራ ገብቷቸው እግራቸውን አነሱት፤ መኪናው ዘለለና ሞተሩ ጠፋ።

ብሎኬት የሚጭኑት ሰዎች ቀና አሉ። በእኒህ ሹፌር እጅ መኪና ሲጠፋ አይተው አያውቁም።

አባባ እንደገና አስነሱ። እንደገና ዘለለ፣ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ አልሞከሩም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ፊት ተመለከቱ።  በዚያች ደቂቃ «መልሰው» ቢሉኝ ኖሮ የተበላችዋን ጎሚኒ ከቆሻሻው ፈልጌ መልሼ እገጥምላቸው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እገጥም ነበር።

«አባባ» አለች እህቴ በቀስታ፣ «ትንሽ ቢለማመዱት እኮ…»

«አይ ልጄ። ዓይኔስ?» አሉ። ቁልፉን አልነቀሉትም፤ እዚያው ተዉላትና ወረዱ። ወደኔ ዞረው «ለሰውዬው ደውልለት። አይሸጥም በለው፤ ሹፌር አለው» አሉኝ።

እህቴ አልፈነጠዘችም። እጃቸውን ይዛ «ታዲያ የመጀመሪያውን ጭነት አብረውኝ ያድርሱ» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ መሪው ላይ ወጣች፤ እሳቸው በፊት በኩል ዞረው ወደ ጋቢናው በር ሄዱ።

እጀታውን ጎተቱት፤ አልተከፈተም። ገፋ አደረጉት፤ አልተከፈተም። የዓይናቸው ድካም መስሎኝ ጠጋ አልኩ። አይደለም። ያ በር ትንሽ ወደ ላይ ካላነሱት አይከፈትም፤ የመኪናው ተሳፋሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባባ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መኪና ሲኖሩ አንድም ቀን በዚያ በር ገብተው አያውቁም።

«ወደ ላይ ነው አባባ» አልኩና ከፈትኩላቸው።